ቀኑ ሊቀየር ይችላል

በእኛ ዘንድ ለሰርግ ቀን የሚቆረጠው አንዴ ነው። ቀን ከተቆረጠ ወዲያ ድንኳኑን ነፋስ ቢገለብጠው፣ ጠላው አልደርስ ቢል፣ ሚዜው ቢኮበልል እንኳ ሰርጉ ይሰረጋል። የረጅም ርቀት ትራያትሎን ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ቀን ይቆረጥለታል፣ ገንዘብ ይከፈልበታል፣ ወራት ሙሉ ላብ ይፈስበታል፤ ከዚያ አንድ ማለዳ «ውድ ተወዳዳሪያችን» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ይመጣል። «ውድ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ደግ ወሬ ይዞ ሲመጣ አይቼ አላውቅም።

ነገሩን ላልሰማ፦ መጀመሪያ 3.8 ኪሎ ሜትር ይዋኛል። ከውኃው ተወጥቶ 180 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ይኬዳል። ከብስክሌቱ ተወርዶ ደግሞ ሙሉ ማራቶን፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ይሮጣል፤ ያውም ሁሉም በአንድ ቀን። መሐል ላይ ዕረፍት የለም፤ ካልሲ ሲያጠልቁ የጠፋው ጊዜ እንኳ ይቆጠራል። አዲስ አበባ ላሉት አክስቴ፣ ለእቴቴ፣ ይህን በስልክ ሳስረዳቸው በጥሞና ሰሙኝና፦

«ያለህበት አገር አውቶቡስ የለም እንዴ?» አሉ።

«አለ እቴቴ፤ ባቡርም አለ።»

«ታዲያ ስንት ይከፍሉሃል?»

«እኔ ነኝ የምከፍላቸው።»

ትንሽ ዝም አሉና ስልኩን ለባለቤቴ እንዳቀብላት አዘዙኝ።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እዚህ አገር ትራያትሎን ጀምሬአለሁ ያለ ሐበሻ ዋጋው ከፍ ይላል። በመዋኛው አብረውኝ የሚለማመዱት ጀርመኖች አገሬን ሲሰሙ «ሩጫው ላይ ታልፈናለህ!» ይሉኛል፤ አበበ ቢቂላን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ይጠሩልኛል። ኃይሌ በ2008 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲገባ ግን ቀድሞ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋኝቶ አልነበረም። (የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛ ሲሆኑ እናገራለሁ።) እኔ ባደግሁበት ሰፈር ጥልቅ የሚባለው ውኃ በርሜል ውስጥ ያለው ነበር። ይህን ግን ማንም አይጠይቀኝም።

እንግዲህ ከውድድሮቹ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ምርጫ ሲባል ሰው የሚያስበው ስለ ዳገቱ፣ ስለ ውኃው ቅዝቃዜ፣ ስለ ሜዳሊያው ማማር ነው። ነገሩን ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ሌላ ጥያቄ ቀደመ፤ ይህ ውድድር በተባለበት ቀን፣ በተባለበት ቦታ ይገኛል ወይ?

የመለዋወጡ ነገር ከአያት የወረደ ነው። ይህ ስፖርት አይረንማን በሚል ስም የተጀመረው በ1978 ሃዋይ ውስጥ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ ነው። ጆን ኮሊንስ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንንና ሚስቱ ጁዲ፣ ዋናተኛ ይበልጣል፣ ሯጭ፣ ወይስ ብስክሌተኛ የሚለውን ክርክር ለመቁረጥ በደሴቱ ላይ የነበሩትን ሦስት ውድድሮች አንድ ላይ ሰፉአቸው። 15 ሰዎች ተነሡ፤ 12 ጨረሱ። ያሸነፈው ጎርደን ሃለር ሲሆን 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ሁለተኛ የወጣው ጆን ደንባር ደግሞ አጃቢዎቹ ውኃ አልቆባቸው ቢራ እያጠጡ ነው ያስጨረሱት። ይህን ታሪክ ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሁሉም አጃቢ ለመሆን ተመዘገቡ፤ ተወዳዳሪ ለመሆን የተመዘገበ የለም።

በሁለተኛው ዓመት፣ በ1979፣ ማዕበል ተነሣና ውድድሩ ከቅዳሜ ወደ እሑድ ተገፋ። ገና ሁለተኛው ነው እኮ! በ1981 ከኦዋሁ ተነቅሎ ትልቁ ደሴት ላይ ወዳለችው ወደ ኮና ሄደ። በ1982 ደግሞ በፌብሩዋሪና በኦክቶበር ሁለት ጊዜ ተደረገ። አንዳንድ ሰው ዛሬ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ብሎ ሲያማርር እሰማለሁ፤ ድሮም እንዲሁ ነበር።

ከ2020 ወዲህ ያለው ግን ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የዚያ ዓመቱ የኮና የዓለም ሻምፒዮና በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። የ2021ዱ ወደ ፌብሩዋሪ 2022 ተገፋ፤ እሱም አልሆነምና ወደ ሜይ ተላለፈ፤ ቦታውም ከሃዋይ ተነሥቶ ዩታ በረሃ ውስጥ ወዳለችው ወደ ሴንት ጆርጅ ሄደ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የ2022ቱ ሻምፒዮና ኮና ተደረገ። ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታችኋል እያሉ የሚስቁብን ፈረንጆች 2021ን በ2022 አከበሩላችሁ!

በዚህም አላበቃም። በ2023 ወንዶቹ ፈረንሳይ፣ ኒስ ከተማ ተላኩ፤ ሴቶቹ ኮና ቀሩ። በ2024 ተገላቢጦሽ ሆነ። በ2025 እንደገና ወንዶቹ ኒስ፣ ሴቶቹ ኮና። ባልና ሚስት ሆነው አብረው ለሻምፒዮና የበቁ ሰዎችን አስቡልኝ፤ እሱ ሜዲትራኒያን ዳር፣ እሷ ሰላማዊ ውቅያኖስ መሐል። ሽማግሌ ሳይገባ የተለያዩ ናቸው። ልምምዱም አንድ አይደለም፤ ኮና ላይ ጠላትህ ሙቀቱና የላቫው ሜዳ ነፋስ ነው፣ ኒስ ላይ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚያስወጣ ተራራ አለ። ለነፋስ ብሎ ውድ ብስክሌት የገዛ ሰው ለተራራ ሲባል ሌላ ሊገዛ ነው። እኔን ያሳቀኝ ግን ቀኑ ነው፤ የመጀመሪያው የኒስ ሻምፒዮና የተደረገው ሴፕቴምበር 10 ቀን 2023፣ ማለትም ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ፈረንጅ 12 ወር አልበቃው ብሎ 13ኛው ወር ውስጥ ገባ። አሁን ደግሞ ወንዱም ሴቱም በአንድ ቀን ወደ ኮና እንዲመለሱ ለ2026 ኦክቶበር 10 ተቀጥረዋል። በእኛ መስከረም 30 መሆኑ ነው።

እኔ ለሻምፒዮና የምበቃ ሰው አይደለሁም። ኮናና ኒስን ያነሣሁት የበላዮቹ እንኳ እንዲህ ከሆኑ ተራው ሰው ምን ሊጠብቀው እንደሚችል ለማሳየት ነው። አሜሪካ፣ ታሆ ሐይቅ ላይ በ2014 የሰደድ እሳት ጢስ አካባቢውን ሸፍኖት ውድድሩ በዕለቱ ማለዳ ተሰረዘ። ፍሎሪዳ በ2018 ማይክል የተባለው አውሎ ነፋስ ፓናማ ሲቲ ቢችን ሲያወድማት ውድድሩ ከባሕር ዳር ወደ መሐል አገር፣ ወደ ሄንስ ሲቲ ተዛወረ። የካናዳው ከፔንቲክተን ወደ ዊስለር፣ ከዊስለር ተመልሶ ወደ ፔንቲክተን፣ በ2025 ደግሞ አገሩን አቋርጦ ኦታዋ ገባ። ኦታዋ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ሶፋው ላይ እንደተኛ ውድድሩ ራሱ ደጁ ድረስ መጣለት። አልተመዘገበም።

በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይም የሴን ወንዝ ውኃ ንጽሕና ስላልተሟላ የወንዶቹ ትራያትሎን ከጁላይ 30 ወደ 31 ተላልፏል። ፕሮግራም መቀየር ሁልጊዜ ክፉ ነው እንዳይባል፣ በዚያው ኦሊምፒክ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ያሸነፈልን ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ በመጎዳቱ ነው በመጨረሻ ሰዓት የገባው። ይህን ምሳሌ ለባለቤቴ ባነሣላት «አንተን የሚተካ ተጠባባቂ የለም ወይ?» አለችኝ።

ወደ ምርጫዬ ልመለስ። ኖርዌይ ውስጥ ሌሊት ከመርከብ ወደ ፊዮርድ ተዘልሎ የሚጀመር፣ 1,883 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ጫፍ ላይ የሚያልቅ ውድድር አለ። እሱን ለእቴቴ አልነገርኳቸውም፤ እኔም ገጹን ቶሎ ገለበጥኩት።

ቀጥሎ ሮት አለ። ሮት እዚሁ ጀርመን፣ ባቫርያ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ በውድድሩ ዕለት ግን ዳገቱ በሰው ይሞላና ብስክሌተኛው በሕዝብ መሐል ጠባብ መንገድ እየሰነጠቀ ነው የሚያልፈው። እስከ 2001 በአይረንማን ስም ይካሄድ ነበር፤ ከ2002 ጀምሮ ቻሌንጅ ሮት ተባለ፤ አይረንማን የሚለው ስም ደግሞ በዚያው ዓመት እኛው ከተማ ፍራንክፈርት ገባ። ስሙ ሄደ እንጂ የሚዋኝበት ቦይም ዳገቱም እዚያው ነው። እንዲህ ያለውን እወዳለሁ። ችግሩ ምዝገባው ነው፤ በተከፈተ በደቂቃ ውስጥ ያልቃል። እኔ የይለፍ ቃሌን እስካስታውስ ሌላው ጫማውን አጥልቆ ተነሥቷል።

ሃምቡርግ ደግሞ ልቤን ነክቶት ነበር። በ2018 አልስተር የሚባለው ሐይቃቸው በሰማያዊ አልጌ ተበክሎ ዋናው ተሰረዘና በምትኩ 6 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተደረገ። በዋና ብርታቱን ሲያሠለጥን ለከረመ ጀርመን ይህ መርዶ ነው። የበርሜል ውኃ ላሳደገው ሰው ግን ምን እንደሚመስል ለአንባቢ እተወዋለሁ። ባለቤቴ ይህን ሰምታ «አልጌ ይመጣ እንደሆን ብለህ ነው 700 ዩሮ የምትከፍለው?» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ከዚህ በኋላ ነው የቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አውርደን ጠረጴዛ ላይ የዘረጋነው። በአንድ ጎን የውድድሮቹ ቀን፣ በሌላ ጎን ጾሙና በዓሉ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የትኛውም አሠልጣኝ ያልነገረኝን ነገር አየን።

በአውሮፓ የምንኖር ሐበሾች ሰርጋችን በበጋ ነው፤ የእነሱ በጋ ማለቴ ነው። የሐዋርያት ጾም፣ ማለት የሰኔ ጾም፣ ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ከዚያ መሐል ባለችው ጠባብ ጊዜ ውስጥ ከስቶክሆልም እስከ ሮም ያለ ዘመድ ሁሉ ይጋባል። በዚያ ሰሞን ውድድር አለብኝ ብሎ ከሰርግ መቅረት ማለት ከዘመድ መፋታት ነው። «ብስክሌት ሊነዳ ሄዶ ነው» ተብሎ በሚዜዎች ፊት ሲነገር አስቡት። የ2018ቱ የሃምቡርግ ውድድር ጁላይ 29 ነበር፤ ሐምሌ 22። ልክ እቅፉ ውስጥ።

ፍራንክፈርት ግን ብዙ ጊዜ የሚደረገው ሰኔ ሲገባደድ ነው፤ የሰኔ ጾም ላይ። በጾም ሰርግ የለም። በ2021 በኮሮና ምክንያት ቀኑ ሲገፋስ የት ገባ? ኦገስት 15፤ ነሐሴ 9፤ ፍልሰታ። ከጾም ተነሥቶ፣ የሰርጉን ሰሞን ዘልሎ፣ ሌላ ጾም ላይ አረፈ! ሮትም በዚያው ዓመት ከበጋው ወደ ሴፕቴምበር 5፣ ማለትም ወደ ነሐሴ 30 ነው የተገፋው፤ እሱም ሰርጎቹን አልነካም። አዘጋጆቹ ይህን አስበውበት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የእነሱ ቀን እንደፈለገ ይሂድ፤ ሐምሌ 5 ግን ሐምሌ 5 ነው፤ እኔም የምመርጠው በእሱ ነው።

በሰኔ ጾም መወዳደር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የቤተ ክርስቲያናችንን ካህን፣ አባን፣ ጠየቅኳቸው። ርቀቱን አንድ በአንድ ስዘረዝርላቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝና፦

«ልጄ፣ ይህን ቀኖና የሰጠህ ማነው?»

«ማንም አልሰጠኝም አባ፤ በፈቃዴ ነው።»

«እኔ ሰው ለገደለ እንኳ እንዲህ ያለ አልሰጠሁም።»

ከዚያ ግን ለቁምነገሩ መልስ ሰጡኝ። ውድድሩ እሑድ ስለሆነ ከማለዳ መብላት አይከለከልም፤ ከጥሉላት ብቻ መጠንቀቅ ነው። «ቅዳሴ ግን ያመልጥሃል» አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ማታ ማታ ከባለቤቴ ጋር የኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን የማሸጊያ ጽሑፍ እናነባለን። ተወዳዳሪው በየግማሽ ሰዓቱ የሚመጠው ጄል ማልቶዴክስትሪን፣ ፍሩክቶስ፣ ጨው፣ አንዳንዴም ካፌይን ነው፤ ወተት የለውም፣ እንቁላል የለውም። ጄል የጾም ነው! የፕሮቲን ዱቄቱ ግን ከወተት፣ ማለት ከአጓት የተሠራ ሆኖ ተገኘ፤ ወደ መደርደሪያው ጫፍ ተሰደደ። በጾም የሚሆነው ከአተር የተሠራው ነው፤ ዋጋው ያስደነግጣል። ባለቤቴ ቆርቆሮውን አገላብጣ አየችውና ከእናቷ የተላከላትን የሽሮ ከረጢት አምጥታ አጠገቡ አኖረችው። «አንብበው እስቲ፤ ምን ልዩነት አለው?» አለችኝ። በርበሬው ብቻ ነው ልዩነቱ።

በሶም ሞክረናል። አባቶቻችን በሶ ቋጥረው ነው አገር ያቋረጡት፤ በብስክሌት ጠርሙስ ውስጥ ግን አላቋረጡም። በስኳርና በጨው በጥብጬ ስነሣ ደህና ነበር፤ ዳገቱ ላይ ስደርስ የጠርሙሱ አፍ ተደፈነ። ብጨምቀው እምቢ አለ፣ ብነክሰው እምቢ አለ፤ ክዳኑን በአንድ እጄ ስፈታ ግማሹ በሶ ደረቴ ላይ ቀረ። ቀጭን አድርጎ መበጥበጥና በወንፊት ማጥለል ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ከጄሉ የሚያንሰው ነገር አልታየኝም።

ሌላው ሒሳብ ነው። ውድድር በተቀየረ ቁጥር አዘጋጁ አብዛኛውን ጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ ይሰጥሃል፤ የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉን፣ የብስክሌቱን ሣጥን ግን ማንም አይመልስልህም። ብስክሌት በአውሮፕላን መላክ እንደ ሬሳ መላክ ነው፤ ወረቀቱ ብዙ፣ ሣጥኑ ረጅም፣ አቀባበሉ ለቅሶ። ፍራንክፈርት ላይ ግን ዋናው የሚደረግበት ላንገን ያለው ሐይቅ ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ የሩጫው መስመር ማይን ወንዝ ዳር ነው፤ ማብቂያው ሮመርበርግ አደባባይ። ቀኑ ቢቀየር የምሰርዘው ሆቴል የለም፤ አልጋዬ እዚያው ነው። ለዘንድሮም ሆነ ለከርሞ ብለው ቢገፉት ሰፈሬን አይገፉትም።

መለዋወጡ ግን ቤት ድረስም ይከተላል። ዋናተኛውን የሚያንሳፍፈው የጎማ ልብስ የሚፈቀደው ውኃው ከ24.5 ዲግሪ ካልበለጠ ነው። የሚለካው በመጨረሻ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ተንሳፋፊ ወይም ሰማጭ መሆንህን የምታውቀው በዕለቱ ነው። ሙቀቱም አይታመንም፤ በ2019 ፍራንክፈርት ላይ ሲሮጡ አየሩ ወደ 40 ዲግሪ ተጠግቶ ነበር። ይህን ስሰማ አገሬ ላይ ከፍ ካለ ቦታ መወለዴ ምንም እንደማይጠቅመኝ ገባኝ፤ ደጋ ለሙቀት አያሠለጥንም።

እንግዲህ ፍራንክፈርት ተመዝግቤአለሁ። ወሬው ከቤተ ክርስቲያን ወደ እድር፣ ከእድር ወደ ቡና ጠጪው ሁሉ ስለተዳረሰ የሚያጅበኝ ሰው ከሚወዳደረው ሳይበልጥ አይቀርም። አንዷ ከበሮ ይዛ ልትመጣ ነው። አንዱ ባንዲራ አሰፍቷል። እናት የሚሆኑኝ አንዲት ሴት ደግሞ የጾም እንጀራ ፍርፍር በምሳ ዕቃ ይዘው የወንዙ ድልድይ ሥር እንደሚጠብቁኝ ነግረውኛል።

ስለዚህ በዚያን ቀን ማይን ዳር የምትገኙ ወገኖቼ ሁሉ፣ ከበሮውም ዕልልታውም ይፈቀዳል። ጉርሻ ግን አይፈቀድም። ደንቡ ተወዳዳሪ ከተመደቡት የውኃና የምግብ ጣቢያዎች ውጭ ከተመልካች እጅ ምንም እንዳይቀበል ይከለክላል፤ ከውድድር ሊያሰርዝም ይችላል። እባካችሁ ምሳ ዕቃውን ለማብቂያው አቆዩልኝ፤ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊትም በዋዜማው ደውላችሁ ቀኑ እንዳልተቀየረ ጠይቁኝ።